«ተመዝግቧል» ይላል ገጹ፤ የት ላይ?

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ወረዳዎች፣ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው ሁለት መልሶችን ጠንቅቆ ያውቃል። የቀድሞው «ፋይልዎ አልተገኘም» ነበር፤ የዛሬው «ሲስተም የለም» ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እንደ መሻሻል ይቆጥረዋል፤ የሄደ ሲስተም ነገ ይመለሳላ! ነገሩ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የወረቀት ፋይል ሲጠፋ ቢያንስ መጥፋቱ ይታወቃል። የገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥሩና ቀኑ ሰፍሯል፣ የባለጉዳዩ እጅ ላይ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ አለ፣ ፋይሉን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደው ሠራተኛ የፈረመበት ወረቀትም ይኖራል። ሰርቨር ላይ የተጻፈ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲለወጥ ግን፣ አስቀድሞ ካልታሰበበት በቀር፣ ምልክት እንኳ አይተውም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ ሕዝብ የሚገለገልበት ድረ ገጽ የሚጽፈው መዝገብ፣ አንዴ የተጻፈበት የማይፋቅበት፣ እርማት ሲመጣ ከሥሩ የሚጨመርበት፣ ባለጉዳዩም የድርሻውን ማስረጃ ይዞ የሚሄድበት መሆን አለበት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው። ውሳኔ ግን ያስፈልገዋል፤ ውሳኔውም የሚሰጠው ፕሮግራሙ በሚጻፍበት ዕለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳያይ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን እንይ። አንድ ሰው በስልኩ ቅጽ ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሲጫን፣ የሞላው ጽሑፍ በኔትወርክ ተጉዞ ሰርቨር ወደሚባለው ኮምፒውተር ይደርሳል። ስልኩ ራሱ ሰርቨሩ ላይ አንዲት ፊደል የመጻፍ ሥልጣን የለውም። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ባለጉዳይ፣ መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሚጽፈው ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ይዘጋል፤ ከዚያም «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል» የሚል መልእክት ወደ ስልኩ ይመልሳል። ይህ መልእክትና ዲስኩ ላይ የሰፈረው መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ፕሮግራመሩ መጻፉ መሳካቱን ሳይፈትሽ ምስጋናውን አስቀድሞ ካዘጋጀ፣ ዲስኩ ጢም ብሎ ቢሞላም፣ ፎልደሩ ለመጻፍ ባይፈቀድም፣ ገጹ ማመስገኑን አይተውም። ባለጉዳዩ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም።

ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ መጻፍ የጀመረው ለትልቅ ጉዳይ አልነበረም። በዓለም እጅግ ከተስፋፉት የድረ ገጽ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ፒኤችፒ የተወለደው፣ ራስመስ ሌርዶርፍ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የሥራ ልምድ መግለጫውን ማን ማን እንደሚያይ ለማወቅ ከሠራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው። ጎብኚ በመጣ ቁጥር መምጣቱ ይመዘገባል፤ በቃ። አንድ ጎብኚ ሳይመዘገብ ቢቀር የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ዛሬ በዚያው ስልት፣ ፋይል እየተከፈተ፣ እየተጻፈ፣ እየተዘጋ፣ የመታወቂያ፣ የልደት፣ የንግድ ፈቃድና የቤት ጉዳይ ይመዘገባል። ስልቱ ያው ነው፤ የሚሸከመው ግን ሌላ ሆኗል።

ፋይል ለመጻፍ ሲከፈት ፕሮግራመሩ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ያለውን አጥፍቶ ከመጀመሪያው መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ መጨመር። በፒኤችፒም በሌሎች ብዙ ቋንቋዎችም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትእዛዙ ውስጥ የምትገባ አንዲት የላቲን ፊደል ናት። አጥፍቶ መጻፍ ከተመረጠ፣ አሮጌው ይዘት የሚጠፋው አዲሱ ሲጻፍ እንኳ አይደለም፤ ፋይሉ በተከፈተባት ቅጽበት ነው። በመክፈትና በመጻፍ መካከል ፕሮግራሙ ቢሰናከል አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም፤ የቀረው ስሙ ብቻ ያለ፣ ውስጡ ዜሮ ባይት የሆነ ፋይል ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራመር አጥፍቶ መጻፍ ግድ ሲሆንበት አዲሱን በሌላ ስም ጽፎ ይጨርስና በመጨረሻ ስሙን ይቀይረዋል። ያኔ የሚያነበው ሰው ወይ ሙሉውን አሮጌ ወይ ሙሉውን አዲስ ያገኛል እንጂ ግማሹን አያገኝም። ይህ ከጥቂት ተጨማሪ መስመሮች ያለፈ ሥራ የለውም፤ ሆኖም የሚያስበው ሰው ይፈልጋል።

መጨመር ወይስ መፋቅ የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ለዘመናት የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የውርስ ስምምነት በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ጠርዞች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉ የተመረጠው ለቅድስናው ብቻ አይመስለኝም። በአንድ ሰው ቤት የማይቀመጥ፣ ብዙ ካህናት በየጊዜው የሚገልጡት፣ ቅጠሉ ቢጎድል ወዲያው የሚታወቅ መጽሐፍ ነው። ከጽሑፉ ሥር የምስክሮች ስም ይደረደራል፤ ቃሉን የሚያፈርስ ወይም የሚፍቅ ቢኖር የሚያርፍበት ግዝትም ይከተላል። ብራና ይፋቃል፤ ጸሐፊዎቹም ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፣ ለራሳቸው ሥራም ቀለም ፍቀው ያርሙ ነበርና። ስለዚህ መፋቅን የማይቻል ለማድረግ አልሞከሩም። የፋቀው እንዲታወቅና እንዲጠየቅ አደረጉ። የዘመኑ የኮምፒውተር ሰነድ ጥበቃ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንመለስ፤ በብራና ላይ ያልነበሩ ሁለት ችግሮች አሉና። የመጀመሪያው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መጻፉ ነው። አንድ ገጽ ለባለጉዳዮች ተራ ቁጥር ይሰጣል እንበል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ያነባል፤ 47 ይላል። አንድ ጨምሮ 48 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ባለጉዳይ በዚያችው ሰከንድ ከሾላ ቢልክ፣ የእሱም ጥያቄ 48 ሳይጻፍ በፊት 47ን አንብቦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 48 ይሰጣቸዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ የአንደኛው ማመልከቻ በሌላኛው ላይ ይጻፍበታል። መፍትሔው ጻፊው ፋይሉን ቆልፎ እንዲገባና ጨርሶ ሲወጣ እንዲከፍት ማድረግ ነው። በፒኤችፒ ይህ ከአንድ ትእዛዝ ጎን የሚቀመጥ አንድ ቃል ነው። ችግሩ አምስት ሰው ብቻ ሲጠቀምበት አለመታየቱ ነው። በርክክቡ ዕለት በስብሰባ አዳራሽ ገጹ አምሮበት ይታያል፤ ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ሲገባበት ግን መዝገቡ መፋለስ ይጀምራል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ፕሮግራሙ «ጻፍ» ሲል ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም። ለፍጥነት ሲል መጀመሪያ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ያቆየዋል። በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች የተለመደው አሠራር ከግማሽ ደቂቃ ያህል በኋላ ወደ ዲስኩ እንዲገለበጥ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ መብራት ከሄደና ማሽኑ የመጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው፣ «ተመዝግቧል» የተባለው ነገር የለም። በተሟላ የዳታ ማዕከል ውስጥ ላለ ሰርቨር ይህ ብዙም አያሰጋም፤ ከቢሮ ጠረጴዛ ሥር ለተቀመጠ ኮምፒውተር ግን ያሰጋል። ፕሮግራሙ «አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አስፍረው» የሚል ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ትንሽ ያዘገያል፤ ለሰው የቤት ጉዳይ ያቺን ሰከንድ ክፍልፋይ መታገስ ብዙ አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ግን የፊደሉ ነገር ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቢሮዎች ዘንድ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ነበረው። በአንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ 8 የተባለ አጻጻፍ ለላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ ለግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይመድባል። «የካ» የሚለው ስም በፋይል ውስጥ የሚቀመጠው 225፣ 139፣ 168፣ 225፣ 138፣ 171 ተብሎ ነው፤ ሁለት ፊደል፣ ስድስት ቁጥር። ይህ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም ወይም የሚቀበለው ዳታቤዝ ለላቲን ብቻ ተብሎ ሲዘጋጅ ነው። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ስድስቱ ቁጥሮች እንደ ስድስት የላቲን ምልክቶች ተነበው ዝባዝንኬ ይወጣል፣ ወይ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ዝባዝንኬው ይታከማል፤ ቁጥሮቹ አልጠፉምና ባለሙያ ሊመልሳቸው ይችላል። የጥያቄ ምልክቱ ግን መድኃኒት የለውም። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ስሙ ላይመለስ ሄዷል።

ከዚህ የበለጠ ተንኮለኛው በዝምታ የሚቆረጠው ነው። የስም ሳጥኑ 50 ባይት ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠራ እንበል። ለእንግሊዝኛ ስም ከበቂ በላይ ነው። አሁን «ገብረመድኅን ወልደማርያም ኃይለሥላሴ» የሚል ስም ይግባ። ሃያ ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ፣ በጠቅላላው 62 ባይት ይሆናል። ሳጥኑ ከ50 በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ የሚቀረው «ገብረመድኅን ወልደማርያም ኃይ» ነው። ገጹ ስህተት አላሳየም፤ አያቱ ግን ግማሽ ስም ሆነው ቀሩ። ይህ ሰው ባንክ ሲሄድ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ውርስ ሲጠይቅ በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ነው። በዚህ ላይ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ ለኮምፒውተር ሦስት የማይገናኙ ስሞች መሆናቸውን ጨምሩበት፤ «ፈልጌ አጣሁት» የሚለው ሠራተኛ አንዳንዴ እውነቱን ነው። ለዚህ ሁሉ ማስረጃ የሚሆነው ሰውየው በላከበት ቅጽበት፣ እንደላከው፣ ሳይነካ የተጻፈ መስመር ነው። ያ መስመር ካለ የተቆረጠው ስም ይቃናል፤ ከሌለ ባለጉዳዩ ስሙን ለማስመስከር ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ጊዜም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 3፡15 ላይ ማመልከቻ የላከ የኮተቤ ነዋሪ ስልኩ 9፡15 ይላል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላው ሰርቨር ደግሞ 6፡15 ብሎ ይጽፋል። አንድ ድርጊት፣ ሦስት ሰዓት። የጨረታ ወይም የይግባኝ ቀነ ገደብ ያለፈው ማን ላይ ነው የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ መዝገቡ በየትኛው ሰዓት እንደተጻፈ ካልገለጸ ምስክርነቱ ይናጋል። ጳጉሜን የወሰድን እንደሆነ ነገሩ ይከርራል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ያለ ማንም ክፋት የሚደርስ ነው። ሰው እጁን ሲያስገባስ? ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የ14ኛውን ዙር 20/80 እና የሦስተኛውን ዙር 40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ፕሮግራም አወጣ፤ 25,491 ቤቶች። ከተጠባባቂዎቹ መካከል በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡ፣ ከደመወዛቸው እየቆረጡ በባንክ የቆጠቡ ሰዎች ነበሩበት። ቀናት ሳይቆዩ አስተዳደሩ ወደ ዕጣው የገባው መረጃ ባንኩ ከላከው የቆጣቢዎች ዝርዝር ጋር እንደማይገጥም፣ መግባት የማይገባቸው ሰዎችም እንደገቡበት ገልጾ ዕጣውን ሰረዘ። ተጠርጣሪዎች ተያዙ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ችግሩ እንዴት ተገኘ? የተገኘው ሁለተኛ ቅጂ ስለነበረ ነው። ባንኩ ዘንድ ሌላ ሰው የማይጽፍበት ዝርዝር ተቀምጦ ስለነበር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ተቻለ። ያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከረው በወሬ ብቻ ነበር።

ሆኖም የተገኘው ዕጣው በሕዝብ ፊት ከወጣና ባለ ዕድሉ ከተደሰተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መገኘት ይችል ነበር፤ ዘዴውም ነፃ ነው። ማንኛውም ፋይል በታወቀ የሒሳብ ቀመር ሲሰላ አጭር አሻራ ያወጣል። በዛሬው የተለመደ ቀመር አሻራው 64 ምልክት ብቻ ነው፤ ፋይሉ አንድ ገጽም ይሁን መቶ ሺህ ስም። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ከሥር መሠረቱ ይለወጣል። ባንኩ ዝርዝሩን ባስረከበበት ዕለት አሻራውን በጋዜጣ ቢያወጣ፣ በዕጣው አዳራሽ ደግሞ ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል ያው አሻራ ተሰልቶ በስክሪኑ ላይ ቢታይ፣ አንድ ስም እንኳ ቢጨመር በቴሌቪዥን የሚከታተል የኮምፒውተር ተማሪ ባወቀው ነበር። አሻራው ዝርዝሩ መጀመሪያውኑ ትክክል መሆኑን አይነግረንም፤ ይህን መካድ አይገባም። የሚነግረን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አለመነካቱን ነው። ያንን ካረጋገጥን ጥርጣሬያችን አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ ሁሉም ሁሉንም ከመጠርጠር ያ ይሻላል።

ባለሙያዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት ክርክር አለ፦ «ተራ የጽሑፍ ፋይል የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ዳታቤዝ አለ።» እውነት ነው፤ ለብዙ ሥራ ዳታቤዝ ይበልጣል፤ መቆለፉንም ተራ ማስያዙንም ራሱ ያከናውናል። ግን ዳታቤዝም ቢሆን መጨረሻው ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው። ታላላቆቹ ዳታቤዞች ለራሳቸው ደኅንነት የሚያደርጉትን ማየት ደግሞ ይበቃል፦ ማንኛውንም ለውጥ ዋናው ሠንጠረዥ ላይ ከማድረሳቸው በፊት፣ እያስከተሉ ብቻ በሚጽፉት የለውጥ መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከዚያ መዝገብ አንብበው ራሳቸውን ያድናሉ። የዳታቤዝ ሠሪዎች ለራሳቸው የማያምኑትን መፋቅ እኛ ለዜጋው የምንቀበልበት ምክንያት የለም። ያ የውስጥ መዝገብ የሚጠብቀው ከመብራት ነው፤ ፓስወርድ ካለው ሰው አይጠብቅም፤ ጊዜው ሲያልፍም ይወገዳል። ስለዚህ ለሰው የሚነበብ፣ ለሌላ ተቋም የሚላክ፣ የራሱ መስመር ያስፈልጋል።

ቦታ ይፈጃል የሚል ክርክርም ይነሳል፤ ይህኛው በአንድ ስሌት ያልቃል። እያንዳንዱ መስመር 300 የግዕዝ ፊደል ቢኖረው 900 ባይት ነው። አንድ ሚሊዮን መስመር አንድ ጊጋባይት አይሞላም። ከመርካቶ የሚገዛ ትንሽ ፍላሽ የአንድ ክፍለ ከተማን የብዙ ዓመት ጉዳይ ይይዛል።

የሚከብደው ተቃውሞ ከጠላፊዎች ጋር የተያያዘው ነው። መጻፍ የሚችል ገጽ፣ የማይገባውን እንዲጽፍ ሊታለል ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሳይበር ሆረስ የተባለ ቡድን የኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾችን ሰብሮ የራሱን መልእክት እንደለጠፈባቸው ይታወሳል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲም ጥቃቱን መግታቱን በወቅቱ አስታውቋል። ከተለመዱት ማታለያዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ ለጉዳያችን ስለሚቀርብ። መዝገቡ በየመስመሩ የሚጻፍ ከሆነ፣ አንድ ተንኮለኛ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ስሙን ጽፎ፣ የመስመር መቀየሪያውን ምልክት አስገብቶ፣ ከሥሩ ሐሰተኛ መስመር በራሱ እጅ ሊጨምር ይችላል፤ «በዚህ ቀን እከሌ ጸድቆለታል» የሚል። ፕሮግራሙ ካላጣራው መዝገቡ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ይሰፍራል፤ አንዱ እውነት፣ አንዱ ፈጠራ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም። ሌላው የተለመደ ጥፋት የጠላፊ ብልሃት እንኳ አያሻውም፦ መዝገቡን ለሕዝብ ገጽ ክፍት በሆነው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ። አድራሻውን በግምት የጻፈ ሁሉ የሰዉን ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር ያነበዋል። እነዚህ ክርክሩን አያፈርሱም፤ ያጠነክሩታል። ግቤት ይጣራ፣ ፎልደሩ ከሕዝብ መንገድ ይውጣ፣ እያንዳንዱ መስመርም የቀደመውን መስመር አሻራ ይያዝ። ያኔ በመሃል የገባ ሐሰተኛ መስመር ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል።

«የማይፋቅ መዝገብ የሰውን ምስጢር ለዘላለም ማኖር ነው» የሚሉም አሉ፤ ይህ ክርክር ክብደት አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ማንም ተቋም የሰው መረጃ እንደፈለገ የሚያከማችበት ዘመን አልፏል። የእኔ መልስ በማይፋቀው መስመር ላይ የሚጻፈው የሰውየው ገመና መሆን የለበትም የሚል ነው። የጉዳይ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ያስገባው ሠራተኛ መለያና የሰነዱ አሻራ ይበቃሉ። ሰነዱ ራሱ ሕጉ በሚፈቅደው ጊዜ ሊወገድ ይችላል፤ መወገዱ ግን በሌላ መስመር ይጻፋል። ስህተት የተጻፈበትም እንዲሁ ነው። አሮጌው መስመር እንዳለ ይቀመጣል፣ እርማቱ ከሥሩ ከነአራሚው ይሰፍራል። የድሮ የሒሳብ ሠራተኞች በሰነድ ላይ መፋቂያ አይነኩም ነበር፤ በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከጎኑ ጽፈው፣ ይፈርሙ ነበር።

«ይህ በእኛ አገር አይሠራም» ለሚለው ተስፋ መቁረጥ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከየካ ሽቅብ እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የጠፈር ምልከታ ማዕከል አለ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያው ነው። የዓለም የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ምስላቸውን የሚያስቀምጡበት የፋይል ዓይነት ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከምስሉ ፊት እያንዳንዳቸው 80 ምልክት የሆኑ የጽሑፍ መስመሮች ይሰለፋሉ፦ ማን አየ፣ በየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ሰዓት። የሙያው ወግ ሁለት ነገር ያዛል፤ ጥሬው ፋይል አይነካም፣ አዲስ ደንብ ሲወጣም የቆየ ፋይል እንዳይነበብ አያደርግም። ለኮከብ ብርሃን ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሙያ ደጃችን ላይ እያለ፣ ለሰው የቤት ካርታ ከዚህ ያነሰ መጠየቅ የሚያስገርም ነው።

ጉዳዩ ነገ ዛሬ የሚባልም አይደለም። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ሲቋቋም፣ የአያትና የየካ አባዶ ነዋሪ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ክፍለ ከተማው ተቀይሯል፤ መዝገቡም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መሻገር ነበረበት። አገልግሎቶችን በአንድ ማዕከል የሚሰበስበው መሶብም በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። መረጃ በተሻገረ፣ በተሰበሰበና በተቀላቀለ ቁጥር የሚቆረጥ ስምና የሚደፈጠጥ ፋይል ይበዛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ስለዚህ ሰርቨር ላይ ያለው መስመር እንደ ወረቀቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለከተማዋ ሲስተም የሚያሠሩ ቢሮዎችና የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። በቀጣዩ ጨረታ ላይ እነዚህን ጨምሩ፦ የጉዳይ መዝገቡ እያስከተለ ብቻ ይጻፍ፤ የየዕለቱ አሻራ ለሌላ ተቋም ይላክ፤ የአማርኛ ሙሉ ስም ሳይቆረጥ መግባቱ በርክክብ ዕለት ይፈተሽ፤ ገጹ «ተመዝግቧል» ሲል የጉዳይ ቁጥር፣ ሰዓትና አሻራ ለባለጉዳዩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ። አንባቢ ደግሞ ቁጥር ያልሰጠው ገጽ ሲገጥመው ስክሪኑን ፎቶ ያንሳ፣ ቀኑን ይያዝ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶም «የት ላይ ነው የተጻፈው?» ብሎ ይጠይቅ።